የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ሕይወትና የብር ጌጦቻቸው

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ፥ ጣሊያኖች ለመኪና ከመጥረጋቸው በፊት ለብዙ ዘመን የነጋዴ መንገድ ነበር። ዛሪማን ተሻግሮ፥ አዲ አርቃይንና ተከዜን አልፎ፥ በዐድዋ በኩል እስከ ምጽዋ ይደርስ ነበር። በዚህ መንገድ ቡናው፥ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ፥ በሚያሳዝን አኳኋንም የሚሸጠው ሰው ጭምር ወደ ባሕር ሲወርድ፥ ከባሕር ወደ ደጋ ከሚወጣው ነገር አንደኛው ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዪቱ ገዥ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበትና የትም፥ መቼም ቢቀጠቀጥ 1780 የሚል ዓመት የሚጻፍበት ይህ ገንዘብ፥ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺሁ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በገበያ ሲውል ገንዘብ ነበር፤ ከአንጥረኛ ቤት ሲገባ ግን በሸክላ ማቅለጫ ቀልጦ፥ በመዶሻ ተመትቶ፥ እንደ ክር ተስቦ ድሪ፥ አልቦ፥ አምባር፥ ወለባና የአንገት መስቀል ይሆን ነበር። አሮጌ ነው ተብሎ ዛሬ በሱቅ መስኮት ከተደረደረው የብር ጌጥ እጅግ የሚበዛው ከዚህ ገንዘብ የተሠራ ነው።

አሮጌ የብር ጌጥ መሰብሰብ በዚህ ጊዜ በእኛ በተማሪዎችም ዘንድ እየተወደደ መጥቷል። ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ጌጡን ስናነሣ ያጌጠበትን ሰው ማንሣት እንዳንረሳ፥ ጌጣቸው በባዕድ አገር ተሰብስቦ የቀረውን የአንዲት እመቤት ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ ወደድን። እኒህም የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንን ከአባታቸው ወርሰው፥ ኋላም ትግሬን ጨብጠው፥ ከጎንደር ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ እጅግ የሚበዛውን ክፍል የያዙ ታላቅ መስፍን ነበሩ። አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጧቸው እርሳቸው ነበሩ። በደረስጌ ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያንም ዘውድ ሊጭኑበት ያሰቡት ነበር እየተባለ ይነገራል። ሐሳባቸው ግን አልሞላም። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ በዚያው በደረስጌ ድል አድርገው ማረኳቸው፤ ወዲያውም በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ ለራሳቸው ያዘጋጁት ሁሉ ለጠላታቸው ክብር ዋለ። ጥሩወርቅ በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ። አባታቸው በእስር እንዳሉ እርሳቸው አደጉ።

ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ የሚወዷቸው የመጀመሪያ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚህ በኋላ የማረኳቸውን ሰው ልጅ ለጋብቻ ጠየቁ። ጥሩወርቅን በቤተ ክርስቲያን አይተው እንደ ወደዷቸው በአፈ ታሪክ ይነገራል። የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚለው የሰሜን መስፍን ልጅ ለቋራው ሰው መዳር ለኩሩዋ ወይዘሮ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የአባት እስራትም የሚረሳ አይደለም። የሆነ ሆኖ ጋብቻው ተፈጸመ፤ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለዱ።

ትዳሩ ግን አልሞቀም። እቴጌይቱ ዳዊት ደጋሚ፥ ጾም አክባሪና ዝምተኛ ነበሩ ይባላል። ንጉሡ ሲገቡ ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ፥ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገሩ መሆናቸውን እንዳስታወቋቸው የሚተረክ ወሬ አለ። ቃል በቃል እውነት ይሁን አይሁን፥ ሕዝቡ እንዴት አድርጎ እንዳሰባቸው ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ ልባቸውን ለወይዘሮ የተመኙ ሰጡ። አባታቸው ደጃዝማች ውቤ እንደ ታሰሩ ሞቱ። ስለዚህ እቴጌ ጥሩወርቅ በመቅደላ አምባ የኖሩት፥ ዘውድ ቢኖራቸውም፥ ከእስረኛ ብዙ ሳይለዩ ነው ማለት እንችላለን።

በመቅደላ የተከማቸው ሀብት ከየት እንደ መጣም መናገር ይገባናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎንደርን አቃጥለው የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት፥ መስቀልና የብርና የወርቅ ንዋየ ቅድሳት አስወስደዋል። ሐሳባቸው በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ነበር። ቢሆንም ጎንደሬው ያን ጊዜ የተሰማው ሐዘን፥ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አገሪቱ በሙሉ ከተሰማት ሐዘን የሚያንስ አይደለም። በእንግሊዝ መፍረድ ለእኛ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው እጅ ግን የራሳችን እጅ መሆኑን መደበቅ አይገባንም።

በሰር ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር የስቅለት ዕለት በእሮጌ ተዋግቶ፥ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ላይ ወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ራሳቸውን መግደልን መረጡ። ወታደሩ የንጉሡን ግምጃ ቤትና ቤተ ክርስቲያኑን በረበረ። የተዘረፈውን ዕቃ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ። ከሳምንት በኋላ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከገዢዎቹ ብርቱው ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በዚሁ መንገድ ወደ ሎንዶን ሄዱ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ባል አልባ ሆነው የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ምኞታቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሰሜን ተራሮች መመለስ ነበር። ነገር ግን የሳንባ በሽታ ጸንቶባቸው በግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. በትግሬ ምድር በመንገድ ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ከተከዜ ማዶ የነበረውን የአባታቸውን አገር አላዩትም። ልጃቸውን ካፒቴን እስፒዲ ወደ እንግሊዝ አገር ይዞ ሄደ። ልዑሉ በራግቢ ትምህርት ቤትና በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ቆይተው፥ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው በሊድስ ከተማ ሞቱ፤ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበሩ።

ጌጦቹስ? እቴጌይቱ ከሞቱ አንድ ዓመት ያህል እንዳለፈ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1869፥ ጥልፍ ያለበት የጥጥ ቀሚሳቸውና የብር ጌጦቻቸው ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ተብሎ ለሚጠራው የሎንዶን ሙዚየም ተሰጡ። እስካሁንም በዚያው ናቸው። በመዝገቡ ላይ ስማቸው ጥሩነሽ ተብሎ ተጽፏል። መቅደላ የወደቀበት 150ኛ ዓመት በ2010 ዓ.ም. ሲታሰብ፥ ሙዚየሙ ዕቃዎቹን ለሕዝብ አሳይቶ ለረጅም ጊዜ በውሰት ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን የራሱን ንብረት መመለስ እንጂ መዋስ እንደማይሻ ገለጸ። ሕጋቸው ከብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ዕቃ ማውጣትን ስለሚከለክል ነገሩ በዚያው ቆሟል። ከግለሰቦች እጅ ያለው ግን እየተመለሰ ነው፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሱት ቅርሶች መካከል ዘውድ፥ ጋሻ፥ መስቀሎች፥ የአንገት ጌጥና በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የልዑል ዓለማየሁን ዐፅም ለመመለስ እንደማይችል ሲያስታውቅ፥ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የእስፒዲ ዘመዶች የልዑሉን የጠጉር ጉንጉን ለኢትዮጵያ አስረክበዋል።

ከዚህ ሁሉ እኛ ተማሪዎች ምን እንማራለን? መጀመሪያ የሚመር እውነት አለ። የእቴጌይቱ ብር እስከ ዛሬ የኖረው ስለ ተዘረፈ ነው። በአገር የቀረው የእኩዮቻቸው ጌጥ ግን እጅግ የሚበዛው የለም፤ በክፉ ቀን ተሽጧል፥ ለልጅ ልጅ ሠርግ አዲስ ጌጥ እንዲሆን ቀልጧል። ይህ ነውር አይደለም። ብር ለእናቶቻችን የባንክ ደብተር ጭምር ነበርና። ነገር ግን ያልቀለጠውና የቀረው ዛሬ በሚዛን ብቻ እየተሸጠ ነው። ገዢው ግራሙን ይጠይቃል እንጂ የማን እንደ ነበረ አይጠይቅም። የሎንዶኑ መዝገብ ቢያንስ የባለቤቲቱን ስም ጽፏል፤ በእኛ ሳጥን ውስጥ ያለው ድሪ ግን ስም የለውም። ሌላው የወሰደብንን እናስመልስ ስንል፥ በእጃችን ያለውን ስም አልባ አድርገን ብናጠፋው ክርክራችን ግማሽ ክርክር ይሆናል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ መስቀልና ጌጣ ጌጥ ሲሰበስብ ኖሯል። ቢሆንም አዋጁም ሙዚየሙም በየቤቱ ገብተው አያቶቻችንን ሊጠይቁልን አይችሉም። ይህ ሥራ የእኛ ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደ ዛሪማ፥ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ሌላው አገራችን ስንመለስ፥ ከሳጥን የሚወጣውን እያንዳንዱን ጌጥ በአገሩ ስሙ እንመዝግብ፤ ማን እንዳጌጠችበት፥ ከማን እንደ ወረሰችው፥ የትኛው አንጥረኛ ስንት ጠገራ ብር ተሰጥቶት እንደ ሠራው ጠይቀን እንጻፍ። ወረቀቱንም ከጌጡ ጋር በአንድ መሐረብ ቋጥረን እናስቀምጥ። ጌጡ አንድ ቀን ቢሸጥ ወይም ቢቀልጥ እንኳ የባለቤቲቱ ስም አብሮ አይቀልጥም።