ሐዲስ ዓለማየሁ በ144 ዓይነት አጻጻፍ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና መጽሐፍ ወይም ዜና የምታነቡበት አፕ ላይ ሐዲስ ዓለማየሁ ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያ ሀዲስ ብላችሁ ድገሙት። ከዚያ ሃዲስ። አንዳንዱ አፕ ሦስቱንም አንድ ሰው አድርጎ ያመጣላችኋል። አንዳንዱ ግን በአንዱ ያገኘውን ሰው በሌላው ፊደል ሲጠየቅ አላውቀውም ይላል። ደራሲን ፍለጋ ላይ ሲሆን ያስቃል፤ የሆስፒታል ካርድ ወይም የባንክ ሒሳብ ላይ ሲሆን ግን ሰውየው መስኮት ፊት ቆሞ የለህም እየተባለ ነው።

የሚገርመው፣ ስማቸው እንዲህ የሚያስቸግረን እኚሁ ሰው የአማርኛ አጻጻፍ ችግር እንዳለበት አይተው ዝም ያላሉ ሰው መሆናቸው ነው።

ሐዲስ የተወለዱት በእኛ አቆጣጠር በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በሚባል ቦታ ነው። አባታቸው ቄስ ነበሩ። ልጅየውም እንደ ዘመኑ የቤተ ክህነት ተማሪ ሆነው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ተማሩ። ዲማ ከብቸና ብዙም አይርቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ስሙን ሲሰማ ፊታውራሪ መሸሻና ሰብለ ወንጌል ትዝ ይሉታል፤ ደራሲው ግን ቦታውን መጀመሪያ ያወቁት በተማሪነት ነው።

ቅኔ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ላልገባችሁ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ሰምተው ቤቱ የጎደለበትን፣ ግሱ ያልተስማማበትን፣ ሰምና ወርቁ ያልተጋባበትን ነቅሰው ያወጡበታል። አንዲት ቃል ጠብቃ መነበብ ሲገባት ላልታ ከወጣች ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ያቺም አታልፍም። ዛሬ ሶፍትዌር ቴስት የሚያደርጉ ልጆች ትንሿን ክፍል ለብቻዋ ሳይፈትሹ ወደ ትልቁ አይሄዱም፣ ኮዱን የጻፈውም ሰው በራሱ ሥራ ላይ የመጨረሻው ፈራጅ አይሆንም። የዲማ ተማሪ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

ከጎጃም ወጥተው አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፣ አስተማሪም ሆኑ። ጣልያን ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፣ አብረው ተማርከው እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ጣልያን አገር በደሴት እስር ቤቶች ቆዩ። ከነጻነት በኋላ ኢየሩሳሌም ቆንስል፣ ትምህርት ሚኒስትር፣ ለንደን አምባሳደር ሆነዋል። አትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ላይ አገራቸውን ወክለው የተገኙትም እሳቸው ናቸው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። መጽሐፉን ሁሉም በፍቅሩ ያውቀዋል። እኔ የማወራው ስለ ነጥቦቹ ነው። ሐዲስ የአማርኛ አጻጻፍ ይሻሻል ከሚሉት ወገን ነበሩ፣ ጽሕፈታችን ማጥበቅና ማላላትን አለመለየቱ ደግሞ ስህተት የሚፈጥር ቀዳዳ ነው። ገና ስትጻፍ በዓሉም ገና ነው፣ ያልደረሰውም ነገር ገና ነው። ይመታል የሚለው ሰውዬ መቺ ይሁን ተመቺ ከወረቀቱ አይታወቅም። እሳቸው ታዲያ በልቦለዳቸው ጠብቀው በሚነበቡት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አስቀመጡ።

ጎበዝ ቴስተር ስህተት ሲያገኝ አፑ አይሠራም ብሎ አይተውም። ምን ነክቼ፣ ምን ጠብቄ፣ ምን አገኘሁ የሚለውን ለይቶ ይጽፋል፤ ከቻለም መፍትሔው ሲሠራ ያሳያል። ሐዲስ ያደረጉት ከዚህ አይርቅም፤ መፍትሔውን ለንባብ የሚሆን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ዘርግተው አሳዩት። ሌላው ጸሐፊ ግን አልተከተላቸውም። መጽሐፉ ተወደደ፣ ነጥቡ ቀረ።

እኛም ያልተፈታውን ችግር ይዘን ኮምፒውተር ውስጥ ገባን። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል ቁጥር ተሰጣቸው። ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ሦስት እንግዶች። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የማጥበቂያ ምልክት ተጨመረ። ምልክቱ ራሱን የቻለ ቁምፊ ስለሆነ፣ ምልክት ያለበት ገና እና ምልክት የሌለበት ገና ለማሽኑ አንድ ቃል አይደሉም። የስም ሳጥኑ የፊደል ብዛት ገደብ ካለው ደግሞ ምልክቱም ይቆጠርበታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሐዲስ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻው ስ ወይም ሥ። 12 መልክ። ዓለማየሁ በአ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ይጀምራል፤ በሁ፣ ሑ፣ ኁ ይጨርሳል። ይሄም 12። ሲባዛ 144። አንድ ሰው ናቸው እንግዲህ!

ማንም ጤነኛ ቴስተር 144ቱንም ቁጭ ብሎ አይተይብም። አንዱን አጻጻፍ መዝግቡና በእያንዳንዱ ፍለጋ አንድ ፊደል ብቻ ቀይሩ፤ ከመጀመሪያው ጋር 12 ፍለጋ ይበቃል። አንዱ ላይ ከጠፉ የትኛው ፊደል እንዳጠፋቸው ወዲያው ታውቃላችሁ። ከዚያ አንድ ሁለት ላይ ሁለት ፊደል ባንዴ ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ለብቻ ሲሆን የሚሠራ ነገር አንድ ላይ ሲሆን የሚከሽፍበት ጊዜ አለና።

ፕሮግራመሩ አስተካከልኩ ሲላችሁም እንደገና ፈትሹ። ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ቀይሮ ማስቀመጥ ይመስላል። ፍለጋው ይሠራል፣ ግን ሌላ ነገር ይበላሻል። በግእዝ ሠረቀ ፀሐይ ወጣች ነው፣ ሰረቀ ሌባ ነው። ለፍለጋ ብቻ አንድ አድርጎ፣ የተመዘገበውን ግን ባለቤቱ እንደጻፈው መተው ነው የሚያዋጣው። መታወቂያዋ ላይ ፀሐይ የሆነች ልጅ አፑ ጸሀይ ብሎ ደረሰኝ ቢሰጣት መልሳ ራሷን ማስረዳት ሊኖርባት ነው።

ቅጹ የቤተሰብ ስም አምጡ የሚል ከሆነ ደግሞ ሐዲስን አስገቡበት። ዓለማየሁ የአባት ስም ነው፣ የቤተሰብ አይደለም። ውድ ሐዲስ በማለት ፈንታ ውድ አቶ ዓለማየሁ የሚል መልእክት ከላከ አባትየውን እያናገረ ነው።

ሐዲስ በ1996 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው አረፉ። ከዚያ በፊት መጽሐፋቸው በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ተተርኮ ነበር። ሬዲዮ ላይ ነጥብ አይታይም፤ ወጋየሁ የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ ያነበው ነበር። አሁን ጽሑፍ የሚያነብ አፕ ስልካችሁ ላይ ካለ፣ ገና ለገና ገና አልደረሰም የሚለውን ስጡትና እንዴት እንደሚያነበው ስሙት።