ከምርኮኛነት እስከ ጌትነት፦ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሕይወትና ውርስ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ በኩል ሲወረድ አንድ ድልድይ አለ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይባላል። እኛም ሰልጣኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ለደብተርም ለጫማም ብለን ወደ ገበያ ስንወርድ ስንት ጊዜ እንደ ተሻገርነው አይቆጠርም። ስሙን በየቀኑ እንጠራለን፤ ሰውየው ማን እንደ ነበሩ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ያስጠየቀችን አንዲት ሕፃን ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ስለ ሰፈርና ስለ ድልድይ ስሞች አመጣጥ አንድ ትምህርት አዘጋጀን። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በወጣትነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ፣ በኋላ ግን የጦር ሚኒስትር የሆኑ ትልቅ ሰው ናቸው ብለን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍን። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና፣ ተማርኮ የመጣ ሰው ጌታ ሲሆን ሌሎቹን ምርኮኞች ፈታቸው ወይ ስትል ጠየቀችን። ተያየን። ነገ እንመልስልሻለን ብለን አለፍን። እነሆ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1840ዎቹ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በጨቦ ምድር ተወለዱ። የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ጦር ያንን አገር ሲወጋ ገና ወጣት ሳሉ ተማረኩ። ያን ጊዜ መማረክ ማለት ምን ማለት እንደ ነበር እንግዲህ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጦርነት የተያዘ ሰው ዕድሉ በያዘው ሰው እጅ ነበር። አንዱ ወደ ገበያ ይነዳና ይሸጣል። ሌላው በማረከው ወታደር ቤት እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እህል ይፈጫል፤ ልጅ ቢወልድም ልጁ ለዚያው ቤት ይሆናል። ጥቂቱ ደግሞ ወደ ንጉሡ ግቢ ይገባና እዚያው ያድጋል። ዐፄ ምኒልክ የባሪያን ንግድ የሚከለክል አዋጅ ከአንድም ሁለት ጊዜ አስነግረዋል፤ አዋጁ ግን በዘመቻ የሚማረከውን ሰው አላዳነውም።

ወጣቱ የጨቦ ልጅ ወደ ግቢ ከገቡት ከጥቂቶቹ አንዱ ሆኑ። ክርስትና ሲነሡ ሀብተ ጊዮርጊስ ተባሉ፤ የአባታቸው ስም ዲነግዴ ግን እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም። ከአባታቸው ቤት ይዘውት የመጡት ውርስ ይኸው ስም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። መሬት የለ፣ ከብት የለ፣ ዘመድ የለ።

የሚገርመው፣ ይኸው ባዶ እጅ መሆን በግቢ ውስጥ ጥቅም ነበረው። የትልቅ ቤተ ሰብ ልጅ የአያቱን ርስት ይቆጥራል፣ የአባቱን ሹመት ይመኛል፣ አንዳንዴም ዙፋኑን ያያል። ምርኮኛው ግን ከንጉሡ በቀር ማንም የለውም፤ ያገኘው ሁሉ ከንጉሡ እጅ ነው። ስለዚህም ይታመናል። የዐድዋው ጀግና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በልጅነታቸው ተማርከው በዚያው ግቢ ያደጉ ናቸው። ሁለቱም ከምንም ተነሥተው እስከ ላይኛው ማዕረግ ደረሱ።

ሀብተ ጊዮርጊስ በትንሽ ሥራ ጀምረው በብልኀታቸው ቀስ በቀስ ታወቁ። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘመቱ። በማግሥቱ ዓመት በ1889 ወደ ደቡብ የዘመተውን ጦር መርተው ቦረናን ወደ ምኒልክ ግዛት አስገቡ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር አደረጓቸው። በፍርድ አዋቂነታቸውና በመላ አዋቂነታቸው ሕዝቡ አባ መላ ይላቸው ነበር። አስቸጋሪ ክርክር ሲመጣ መፍትሔ አያጡም ይባልላቸዋል፤ እስከ ዛሬም ሽማግሌዎች ፍርዳቸውን እንደ ተረት ያወሩታል።

ዐፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ደግሞ አገሩን ካቆሙት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። በ1902 እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲገለሉ፣ በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ የፊታውራሪው እጅ በነገሩ ውስጥ ነበረበት። ጥቅምት 17 ቀን 1909 በሰገሌ ሜዳ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ድል ሲሆንና ንጉሡ ሲማረኩ የሸዋን ጦር የመሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ተማርከው የመጡት ሰው ንጉሥ ማረኩ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ባለ ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ሲነሡ እሳቸው ብቻ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ከንግሥት ዘውዲቱና ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገር አስተዳደሩ።

እስዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ልብ ያሞቃል። ክፍል ውስጥም ያስተማርነው ይህንኑ ነበር። አሁን ወደ ሕፃኗ ጥያቄ እንመለስ።

የትልቅ ሹም ሀብት ያን ጊዜ ምን ነበር? በሌላው ዓለም፣ ለምሳሌ በካሪቢያን ደሴቶችና በብራዚል፣ ባለ ርስቱ ቅኝ ገዥ የሸንኮራ አገዳና የቡና እርሻ ነበረው፤ ሲሞት እርሻውንም ባሮቹንም በኑዛዜ ለልጆቹ ያወርሳል። እንግሊዞች በ1833 እ.ኤ.አ. በግዛቶቻቸው ባርነትን በሕግ ሲያስቀሩ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፍለዋል፤ የተከፈለው ግን ለጌቶቹ እንጂ ለባሮቹ አልነበረም። በእኛ አገር የነበረው መልኩ ይለያል። ሹሙ ግዛት ይሰጠዋል፤ ከግዛቱ ጋር ሕዝቡም አብሮ ይሰጠዋል። በደቡብ ለዘመተው ወታደር ደመወዙ ገባር ነበር። ገባሩ እንደ ወታደሩ ማዕረግ በቁጥር ይመደብለታል፤ እህል ያመጣል፣ ማር ያመጣል፣ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል። ገባር በሕግ ባሪያ አይደለም፤ ሆኖም ጌታው ሲለወጥ እንደ ዕቃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ባሪያ ተብሎ በቤት የሚያገለግል ነበር። ያለ እሱ የትልቅ ሰው ግቢ አይታሰብም፤ ወጥ ቤቱም፣ እንጨት ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም በእሱ ጉልበት የቆመ ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ የሞቱት ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በኅዳር ነው። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች በአንድ ሰሞን መሄዳቸው ብዙ ነገር ለወጠ። በሹመት የተገኘ ግዛት እንደ አባት ርስት አይደለም፤ ከሹመት ጋር ይመጣል፣ ከሹመት ጋር ይሄዳል። የፊታውራሪውን ግዛትና በሺህ የሚቆጠር ጦራቸውን ራስ ተፈሪ ወዲያው በእጃቸው አደረጉ። በ1921 ንጉሥ፣ በ1923 ንጉሠ ነገሥት እስከ መሆን ላደረሳቸው ጉልበት አንዱ ምንጭ ይህ ነበር። ወታደሩ አዲስ ጌታ አገኘ። ገባሩም አዲስ ጌታ አገኘ። ማንም አልጠየቀውም።

በቋንቋችን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ልጅ የአባቱን ንብረት ሲያገኝ ወረሰ እንላለን። መንግሥት የሰው ንብረት ሲወስድም ያው ወረሰ ነው የምንለው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወሰድ አያቶቻችን በአፋቸው የገባው ቃል ይኸው ነበር፤ ተወረሰ። ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ሲወርሰው የኖረ አገር፣ ለሁለቱ ነገር ሁለት ቃል ባያስፈልገው አይገርምም።

ባሪያውስ? እዚህ ላይ ነው የጌታ ሞት ከነጻነት ጋር የሚገናኘው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ጌታው የሞተበት ባሪያ ከ7 ዓመት በኋላ ነጻ ይወጣል ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ለወራሾች ያገለግላል። እስቲ እናስላው። በ1919 ዓ.ም. ጌታው የሞተበት ሰው በዚህ ሕግ ቢቆጠር ነጻነቱ የሚደርሰው በ1926 ነው። ያን ጊዜ 40 ዓመት የሆነው ሰው 47 ሊሞላው ነው። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕግ 7ቱ ዓመት ወደ 1 ዓመት ዝቅ አለ። ጣሊያን በ1928 ሲወረን ደግሞ ባርነትን ላስቀር ነው የመጣሁት እያለ ለወረራው ምክንያት አደረገው፤ ያልዘጋነው በር ለጠላት መግቢያ ሆነ። ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ለሕፃኗ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ታላቅ ሰው ነበሩ። ማንም ያልደገፋቸው፣ በገዛ አእምሯቸው የወጡ፣ አገር ሲናወጥ ያልተናወጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን እሳቸውን የማረከውን ሥርዓት አልሻሩትም፤ በላዩ ላይ ወጡበት እንጂ። አንድ ምርኮኛ ጌታ መሆኑ ምርኮኛነትን አያስቀርም። እሱን ያስቀረው ሕግ ነው፤ ሕጉም ዘግይቶ መጣ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ አይደለም ወይ የሚሉን ጓደኞች አሉ። መሬቱ ተወርሷል፣ ገባሩ ቀርቷል፣ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች እንኳ በብዛት ፈርሰዋል፤ ምን ቀረና ነው ይላሉ። የቀረ አለ። ልምምድ ባደረግንበት ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ተጣሉ። ያቺ እጇን አውጥታ የጠየቀችን ልጅ በዚያ ቃል ስትሰደብ ሰማን። ባሪያ አሏት። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ቢሆን ነው፤ ባርነት ሲሻር አያቶቻቸው እንኳ መወለዳቸው ያጠራጥራል። ቃሉን ከየት አመጡት? ወረሱት እንጂ! ያን ጊዜ ነው ለምን እንደ ጠየቀችን የገባን።

እኛ ነገ መምህራን ሆነን ወደ ጨቦም፣ ወደ ቦረናም፣ ወደ አራዳም እንመደባለን። በየሄድንበት አንዱ ተማሪ የማራኪ የልጅ ልጅ፣ ሌላው የተማራኪ የልጅ ልጅ ሆነው በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። የፊታውራሪውን ታሪክ ስናስተምር ጀግንነታቸውን ብቻ ተርከን ብናልፍ የአንዱን ልጅ አያት ከሰሌዳው ላይ አጠፋን ማለት ነው። ስማቸውን ብናጠፋ ደግሞ ከጨቦ ምንም ሳይዝ የመጣውን ያንን ወጣት ሁለተኛ ጊዜ ማረክነው ማለት ነው። ሁለቱንም እንንገር። ቃሉ በክፍላችን ሲሰማም ሰምተን እንዳልሰማን አንለፍ፤ ከየት እንደ መጣ ለልጆቹ እናስረዳ።

ለልጅቷ ልምምዳችን ከማለቁ በፊት መልሱን ነገርናት። በመጨረሻው ወንበር ተቀምጣ ሰማችንና፣ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።