በቀን አራት ጊዜ፦ ዊልማ ሩዶልፍን ከአልጋ አንስቶ ሮም ያደረሳት የቤት ውስጥ ሥራ

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት ሮም ላይ የሆነውን ለኢትዮጵያዊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘ። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ አበበ አይደለም። በዚያው ኦሎምፒክ፣ አበበ ከመሮጡ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ሦስት ወርቅ ስለወሰደች አንዲት የ20 ዓመት አሜሪካዊት ነው። ዊልማ ሩዶልፍ ትባላለች።

ሮም ላይ የዓለም ፈጣኗ ሴት የተባለችው ይህች ልጅ፣ በሕፃንነቷ ግራ እግሯ አይታዘዝላትም ነበር። ስለ ሩጫዋ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምናተኩረው ከሩጫው በፊት ቤቷ ውስጥ በተሠራው ሥራ ላይ ነው። ምክንያቱም በየሰፈራችን ከስትሮክ፣ ከመኪና አደጋ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረጅም ሕመም በኋላ ሰውነቱን እንዴት እንደገና ማንቀሳቀስ እንደሚጀምር ግራ የገባው ሰው አለ። አጠገቡ ደግሞ በምን እንደሚረዳው የጨነቀው ቤተሰብ አለ። ይህ ታሪክ ለሁለቱም ነው።

ዊልማ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1940 በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት፣ ክላርክስቪል ከተማ አጠገብ ነው። ጊዜዋ ሳይደርስ ስለተወለደች ክብደቷ 2 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። አባቷ ኤድ በባቡር ላይ የመንገደኛ ዕቃ ተሸካሚ ነበር፤ ከዚያም ሌላ የተገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። እናቷ ብላንሽ ደግሞ በነጮች ቤት ተቀጥራ ታጸዳለች፣ ታጥባለች። አባትየው ከሁለት ትዳር 22 ልጆች አፍርቷል። ዊልማ 20ኛዋ ናት።

ያቺ ሚጢጢ ልጅ በሽታ አልተለያትም። የሳንባ ምች ያዛት፣ ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ትኩሳት ተከተለ። ከሁሉም የከፋው ግን እኛ አገር የልጅነት ልምሻ የምንለው ፖሊዮ ነው። ከሕመሙ ብትተርፍም ግራ እግሯ ሰነፈ፣ መዳፉም ወደ ውስጥ ዞረ። የፖሊዮ ክትባት በአሜሪካ ለሕዝብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1955 ስለሆነ ለእሷ አልደረሰላትም።

በዚያ ላይ ዘመኑ ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ የሚኖርበት ነው። የክላርክስቪል ሆስፒታል ለነጮች እንጂ ለእነ ዊልማ አይደለም። ጥቁሮችን የሚያክመው የሜሃሪ ሕክምና ኮሌጅ ያለው ናሽቪል ውስጥ ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብላንሽ በየሳምንቱ ልጇን ይዛ በአውቶብስ ትሄዳለች። አውቶብሱም ላይ ቢሆን የጥቁሮች መቀመጫ ከኋላ ነው። እንዲህ እያደረጉ ሁለት ዓመት ያህል ተመላለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሳምንት አንድ ቀን የሚደረግ ሕክምና ለብቻው ያቺን እግር አያድናትም። ሳምንት ሰባት ቀን ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ቀናት የሚያልፉት ቤት ውስጥ ነው። ይህን የተረዱት የሜሃሪ ባለሙያዎች እግሯ እንዴት መታሸትና መንቀሳቀስ እንዳለበት ለእናትየው አሳዩአት። ብላንሽም የተማረችውን ለታላላቅ ልጆቿ አስተማረች። ከዚያ በኋላ የዊልማ እግር በቀን አራት ጊዜ ይታሽ ነበር። እናት ሥራ ስትውል እህት ታሻለች፤ እህት ሲደክማት ወንድም ይተካል። ቤቱ ድሃ ነው፣ ሰው ግን ሞልቶታል። ሆስፒታል የተከለከለ ቤተሰብ ቤቱን ሆስፒታል አደረገው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናብራራ። እሽት የሞተ ነርቭ አያስነሳም። ፖሊዮ በአከርካሪ ውስጥ ያሉትን፣ ጡንቻን የሚያዙትን የነርቭ ሴሎች ያጠቃል፤ የሞቱት አይመለሱም። ነገር ግን የተረፉት ሴሎች አዳዲስ ቅርንጫፍ እያበቀሉ ባለቤት ያጣውን ጡንቻ ሊረከቡ ይችላሉ። ይህ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ያጥራል፤ ነርቩ ሲደርስ የሚያዘው እግር አያገኝም። የቤት ውስጥ እሽትና እንቅስቃሴ ጥቅሙ ያኔ ነው፤ እግሩን ጠብቆ ያቆየዋል። እነ ብላንሽ የነርቩን ሥራ መሥራት አይችሉም ነበር። እግሩ ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቅ ማድረግ ግን ችለዋል።

ዊልማ እግሯ ላይ የብረት ድጋፍ ታስሮላት ነው ያደገችው። በሕመሙ የተነሳ ትምህርት ቤት የገባችው 7 ዓመት ሲሞላት ነው። እዚያም ልጆች በብረቱ ያሾፉባት ነበር። ለውጡ በአንድ ጀምበር አልመጣም። በ9 ዓመቷ ገደማ ብረቱን አውልቃ መራመድ ጀመረች። ያም ሆኖ ወዲያው አልተለቀቀችም፤ ለተወሰነ ጊዜ እግር የሚደግፍ ልዩ ጫማ ታደርግ ነበር። 11 ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷ ጫማውን አውልቃ በባዶ እግሯ ግቢ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት አየቻት። 12 ዓመት ሲሞላት ብረቱም ጫማውም ታሪክ ሆኑ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልን። መጀመሪያ ሌላ ሰው እግሯን ያንቀሳቅስላታል። ቀጥሎ በብረት ተደግፋ ትቆማለች። ከዚያ ያለ ብረት ትራመዳለች። ከዚያ በልዩ ጫማ ትውላለች። መጨረሻ ላይ በጨዋታ ትሮጣለች። ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለመድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ወስዷል። ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ለታካሚ የሚያወጡት ፕሮግራምም በመሠረቱ ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

ከዚያ በኋላም ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። በርት በተባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ብትገባም ለረጅም ጊዜ የተቀያሪ ወንበር ላይ ነበረች። አሠልጣኟ ሰላም የማትሰጥ፣ እዚህም እዚያም የምትል ስለነበረች የትንኝ ስም አወጣላት። በኋላ የቴኔሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ ኤድ ቴምፕል አያትና በክረምት መጥታ ከዩኒቨርሲቲው ልጆች ጋር እንድትለማመድ አደረገ። ገና ጀማሪ ሳለች አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በተደረገ ትልቅ ውድድር ላይ ተካፍላ በሁሉም ተሸነፈች። አልተወችውም። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ሄደች። በ200 ሜትር ለፍጻሜ አልደረሰችም፤ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ግን ከጓደኞቿ ጋር ነሐስ አገኘች።

እ.ኤ.አ. በ1958 ልጅ ወለደች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ሯጭ ይህ የሩጫ ሕይወቷ መጨረሻ ሊሆን ይችል ነበር። እንደገና ቤተሰቧ ከጎኗ ቆመ፤ ሕፃኗን ተቀብለው ያዙላትና እሷ በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባች። እግሯን ያሸው ያ ቤተሰብ አሁን ልጇን አቀፈላት።

ከዚያ ሮም መጣ። ከ100 ሜትር ውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ልምምድ ላይ ሳለች ጉድጓድ ረግጣ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላት። ያም ሆኖ ነሐሴ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. 100 ሜትሩን በ11.0 ሰከንድ አሸነፈች፤ ነፋስ ስላገዛት ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም። ነሐሴ 30 ቀን 200 ሜትሩን ወሰደች። ጳጉሜ 3 ቀን ደግሞ ከማርታ ሃድሰን፣ ከሉሲንዳ ዊሊያምስና ከባርባራ ጆንስ ጋር የዱላ ቅብብሉን ሮጡ። ዊልማ የመጨረሻዋ ተቀባይ ነበረች። ዱላው ሲቀባበል ተደናቅፎ ሊወድቅ ነበር፤ ይዛው ከኋላ ተነስታ ቀደመች። በአንድ ኦሎምፒክ በአትሌቲክስ ሦስት ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የእኛው አበበ በሮም ጎዳና ላይ ታሪክ ሠራ።

ወደ አገሯ ስትመለስ ክላርክስቪል ታላቅ አቀባበል አዘጋጀች። ዊልማ ግን ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በሚቀመጥበት ግብዣ ላይ እንደማትገኝ አሳወቀች። በዚህም የተነሳ ሰልፉም እራቱም ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ በከተማዋ ታሪክ ነጭና ጥቁር አብረው የታደሙበት የመጀመሪያው ዝግጅት ነበር። በሕፃንነቷ ሆስፒታሏን የከለከለቻት ከተማ በ20 ዓመቷ ደንቧን ለእሷ ብላ አነሳች።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሩጫ አቆመች። በቀጣዩ ዓመት በአንደኛ ደረጃ መምህርነት ተመርቃ ራሷ በተማረችበት ትምህርት ቤት አስተማረች። የሕይወት ታሪኳን ጻፈች፣ በስሟ ፋውንዴሽን አቋቁማ ልጆችን በስፖርት ረዳች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1994፣ በ54 ዓመቷ፣ በካንሰር ሕይወቷ አለፈ።

እንግዲህ ከእነ ዊልማ ቤት ወደየቤታችን ምን ይዘን እንመለስ?

እኛ አገር ታማሚ ይወደዳል። ይጎረሳል፣ ይሸፈናል፣ እንዳይነሳ ይለመናል። ፍቅር ነው፤ ግን አንዳንዴ ይህ ፍቅር ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራል። ሐኪም መንቀሳቀስ ፈቅዶለት ሳለ ውሃ እንኳ ራሱ እንዳይቀዳ የሚከለከል ስንት አባት፣ ስንት እናት አለ? የዊልማ ቤተሰብም ይወዷት ነበር። ፍቅራቸውን የገለጹት ግን እግሯን በቀን አራት ጊዜ በማንቀሳቀስ ነው።

ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው። ብዙዎቻችን ካገገምን በኋላ የጠፋብንን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ለመመለስ እንሞክራለን። እሑድ ሰውነታችን ተሰባብሮ እንተኛለን፤ ሰኞ ተስፋ እንቆርጣለን። ጥቂቷን በቀን ደጋግሞ መሥራት ይሻላል። ከወንበር ተደግፎ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፣ ከሳሎን እስከ በር መመላለስ፤ እነዚህ ተራ ይመስላሉ። ለተዳከመ ሰውነት ግን ትልቅ ሥራ ናቸው። ዛሬ ሦስት ጊዜ የተነሳ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ቢያደርገው እየሄደ ነው።

ሦስተኛው፣ ብላንሽ በግምት አላሸችም። ከሚያውቁት ተምራ ነው የጀመረችው። ስትሮክ፣ ስብራት፣ የልብ ሕመምና ቀዶ ሕክምና እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክልክል አላቸው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠይቁ። ሰፈር ያለው ወጌሻ ጋ ከመሮጥም በፊት ጠይቁ። ከተቻለ የሚያስታምመው ሰው አብሮ ገብቶ እንቅስቃሴውን በዓይኑ ይይ፣ በእጁም ይሞክር። እየሠራችሁ ደረት ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ከወትሮው በላይ ካጠራችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ባታችሁ አብጦ ከቀላ አቁሙና ወደ ሕክምና ሂዱ።

የመጨረሻው ደግሞ ይህ ነው። ከሕመም የተነሳ ሁሉ ኦሎምፒክ አይሮጥም። እንደ ዊልማ ተንከባካቢ ቤተሰብ ኖሯቸውም በዱላ የሚሄዱ ብዙ የፖሊዮ ልጆች ነበሩ። ብላንሽም ያንን እግር ማሸት ስትጀምር የምትፈልገው ልጇ እንድትራመድ ነበር እንጂ ወርቅ እንድታመጣ አልነበረም። ሽንት ቤት ብቻውን ደርሶ መመለስ የቻለ ሰውም የራሱን ሮም አሸንፏል።

ወገኖች፣ ቤታችሁ ውስጥ እያገገመ ያለ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ከዚያ እናንተ በተራ የምታግዙባቸውን ሰዓታት ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ማን ጠዋት፣ ማን ማታ እንደሆነ ይታወቅ። እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ደግሞ ምን እንደረዳችሁ ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። ለታመሙት ምሕረቱን፣ ለሚያስታምሙት ብርታቱን ይስጥልን።