ከፀሐይ በረዶ ያወጣው መምህር

በዚህ ዕትም የአንድ መምህር የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ስሙ ኦጉስታን ሙሾ ይባላል። ሙሾ ስላችሁ የለቅሶ ሙሾ እንዳይመስላችሁ፤ የፈረንሳዮች ስም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙሾ በ1825 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። ካደገ በኋላ መጀመሪያ የአንደኛ ደረጃ፣ ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ አስተማሪ ሆነ። በዚያን ጊዜ ፋብሪካውም ባቡሩም የሚሠራው በድንጋይ ከሰል ነበር። ሙሾ ግን ከሰሉ አንድ ቀን ሲያልቅ ፋብሪካውን ምን ይውጠዋል እያለ ያስብ ነበር። ስለዚህ በ1860 የፀሐይን ሙቀት በመስታወት እየሰበሰበ ውሃ ማፍላት ጀመረ። በ1866 በፀሐይ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሠርቶ አሳየ።

ትልቁ ቀን የመጣው በ1878 ነው። ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ሙሾ እንደተገለበጠ ጃንጥላ ያለ ግዙፍ መስታወት አቆመ። የአፉ ስፋት 20 ካሬ ሜትር ነበር። ከዚያም ፈርዲናንድ ካሬ ከሚባል ሌላ ፈረንሳዊ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ጋር አገናኘውና ከፀሐይ ሙቀት በረዶ ሠራ!

ሙቀት እንዴት በረዶ ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ውስጥ አሞንያ የሚባል ጋዝ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። ሲሞቅ አሞንያው ከውሃው ይወጣና ወደ ሌላ ዕቃ ሄዶ እዚያ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ መልሶ ሲተን በአጠገቡ ያለውን ሙቀት ይወስዳል፤ አጠገቡ ያለው ውሃም በረዶ ይሆናል። መርፌ ስንወጋ የሚቀባን አልኮል ቆዳችንን ቀዝቀዝ የሚያደርገው እኮ ሲተን ሙቀታችንን ስለሚወስድ ነው። በመጨረሻ ጋዙን ውሃው መልሶ ይመጠውና ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ሙሾ በዚህ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። ከሰል ረከሰ፤ መንግሥትም የፀሐዩ መሣሪያ ወጪው ብዙ ነው፣ አያዋጣም ብሎ ተወው። ሙሾ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። በ1912 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ በድህነት ሞተ።

እኔን ያሳዘነኝ መሞቱ አይደለም፤ ሁሉም ይሞታል። ያሳዘነኝ መሣሪያው እየሠራ መተዉ ነው። የተሸነፈው ስለተሳሳተ ሳይሆን ከሰል ስለረከሰ ነው። ዛሬ በአገራችን መብራት በሌለባቸው ብዙ ጤና ኬላዎች የሕፃናት ክትባት የሚቀመጠው በፀሐይ በሚሠራ ፍሪጅ ነው። አሠራሩ ከሙሾ ይለያል፤ ፀሐዩን መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ በፀሐይ ማቀዝቀዝ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ የሠራችሁትን ሰው አያዋጣም ቢላችሁ ቶሎ አትጣሉት። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!