ፍራንክ ሆርንቢ

ፍራንክ ሆርንቢ (ሜይ 15 ቀን 1863 – ሴፕቴምበር 21 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ አገር ነጋዴ፣ የመጫወቻ ፈልሳፊና የፓርላማ አባል ነበር። በብሎንና በዳዶ የሚገጣጠመውን ሜካኖ የተባለ የብረት መጫወቻ፣ የሆርንቢ ባቡሮችን እና ዲንኪ ቶይስ የተባሉትን ትንንሽ መኪናዎች ያስገኘ እርሱ ነው። ዛሬ ሞዴል መኪና የሚሰበስቡ፣ የሚገጣጥሙና የሚቀቡ ሰዎች የሚያውቁት 1:43 የተባለው ምጥን በሰፊው የተለመደውም ከእርሱ ፋብሪካ ከወጡት መኪናዎች ጋር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወቱ

ሆርንቢ የተወለደው በሊቨርፑል ከተማ፣ ኮፐራስ ሂል በተባለው መንገድ ነው። አባቱ ጆን ኦስዋልድ ሆርንቢ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር፤ እናቱ ማርታ ትባላለች። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአባቱ ንግድ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆነ። የምህንድስና ትምህርት አልነበረውም፤ ኋላ ስሙ ከመሐንዲሶች ጋር አብሮ ሲጠራ ይህን ማስታወስ ይገባል።

በ1887 ክላራ ዎከር ጎደፍሮይ የተባለች መምህርት አገባ። ሮላንድና ዳግላስ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ፓትሪሺያ የተባለችም አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ1899 አባቱ ሲሞት ንግድ ቤቱ ተዘጋ። ሆርንቢ ያን ጊዜ ወደ 36 ዓመት የሚጠጋው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ከውጭ አገር ሥጋ ያስመጣ ለነበረ ዴቪድ ሂው ኤሊየት ለተባለ ነጋዴ ሒሳብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ።

የሜካኖ መፈልሰፍ

ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ለልጆቹ ከላሜራ እየቆረጠ ድልድይ፣ የጭነት መኪናና ክሬን ይሠራላቸው ነበር። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ችግር አስቸገረው። ለአንዱ ክሬን የተቆረጠ ቁራጭ ለሌላ ነገር አይሆንም፤ ልጆቹ አዲስ ነገር በጠየቁ ቁጥር ሁሉም እንደ ገና ከዜሮ መቆረጥ ነበረበት። ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ መፍትሔው የመጣለት በባቡር እየተጓዘ ሳለ ነው፤ ቁራጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀዳዳ በእኩል ርቀት ቢኖራቸው የትኛውም ከየትኛውም ጋር ሊታሰር ይችላል። የብረት ቀጫጭን ዘንጎችን ቆርጦ በየግማሽ ኢንቹ በሳቸው። ቀዳዳው ብሎን ከማሰሩም ሌላ የጎማ ዘንግ ማስገቢያ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ በአንዱ ቀን ክሬን የነበረው በማግስቱ ተፈቶ ጋሪ ይሆናል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የግማሽ ኢንቹ ርቀት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ መቆየቱ ስሌቱ ከመጀመሪያው ምን ያህል የተሳካ እንደ ነበር ያሳያል።

በ1901 የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ሲነሣ የሚከፈለው ገንዘብ አልነበረውም። ከአሠሪው ከኤሊየት 5 ፓውንድ ተበድሮ ከፈለ። ኤሊየት ብድሩን ከመስጠትም አልፎ ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ የነበረውን ባዶ ክፍል ለሥራው ለቀቀለት፤ በሽርክናም ገባ። ሆርንቢ ቀን የአሠሪውን ሒሳብ ይይዛል፤ በተረፈው ጊዜ መጫወቻውን ያሰናዳል።

መጫወቻው መጀመሪያ የተሸጠው በ1902 ሲሆን ስሙ ሜካኖ ሳይሆን፣ መካኒክ ቀላል ሆነ እንደ ማለት ያለ ረዥም ስም ነበረው። በሳጥኑ ውስጥ 16 ዓይነት ቁራጮችና የ12 ሞዴሎች አሠራር የሚያሳይ ወረቀት ነበር። ሱቆች በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት የሚያብረቀርቁ መጫወቻዎች ጋር ሲተያይ መልኩ የቀዳዳ ብረት ክምር ነበር። ሆርንቢ በሊቨርፑል የምህንድስና መምህር ለነበሩት ለፕሮፌሰር ሄንሪ ሄል ሾው አሳያቸው፤ የእርሳቸው የድጋፍ ደብዳቤ ለሽያጩ ረዳው። ሆኖም በ1903 ከ1,500 የሚያንሱ ሳጥኖች አልተሸጡም ቢባልም ትርፍ አልተገኘም። የመጀመሪያው ትርፍ የታየው በ1906 ነው። ይህም ማለት አንድ ደመወዝተኛ ሰው የልጆች አባት ሆኖ ለአምስት ዓመት ያህል ምንም ያላተረፈለትን ሥራ አልተወም ማለት ነው።

በ1907 ቁራጮቹን የሚሠሩለት ነጋዴዎች ከጥያቄው ጋር መድረስ ስላልቻሉ ሥራውን ለቆ ዱክ ስትሪት በተባለው መንገድ የራሱን አውደ ጥናት ከፈተ። በዚያው ዓመት ሜካኖ የተባለውን ስም አስመዘገበ። በ1908 ኩባንያው ሲቋቋም ኤሊየት አብሮት አልቀጠለም፤ ሆርንቢ ብቸኛ ባለቤት ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው የእድገት ታሪክ ፈጣን ነው፤ በፓሪስና በበርሊን ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ በ1914 ደግሞ በሊቨርፑል ቢንስ ሮድ ላይ ትልቁ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1916 ሜካኖ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ በ1920 በሞላ የሚሄዱት የሆርንቢ ባቡሮች ወጡ።

ከሜካኖ ወደ መኪና

መኪና ለሜካኖ ተስማሚ ነገር ነበር። በ1920ዎቹ ፋብሪካው ካወጣቸው ትልልቅ ሞዴሎች አንዱ ቦዲ የሌለው የመኪና ሻንሲ ሲሆን፣ ማርሽ፣ ዲፈረንሻልና መሪ ነበረው። መፍቻና ካቻቪቴ ይዞ ይህን የገጠመ ልጅ መኪና በመታጠፊያ ላይ ሲዞር የውጪው ጎማ ከውስጠኛው ለምን ፈጠን ብሎ እንደሚዞር በጣቱ እያዞረ ያያል። በ1926 ደግሞ እስከዚያ ድረስ የኒኬል መልክ የነበራቸው ቁራጮች ቀይና አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ።

ይሁን እንጂ ቀዳዳ ባለው ዘንግ የተሠራ መኪና ሻንሲውን እንጂ መልኩን አይመስልም። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካው ለመኪና ብቻ የሚሆን ሳጥን አወጣ። ከቆርቆሮ ተቀርጸው ቀለም የተቀቡ ኮፈኖች፣ ፓራፋንጎዎች፣ የኋላ ክፍሎችና መቀመጫዎች ነበሩት፤ በብሎን ይታሰራሉ፤ በቁልፍ በሚጠመዘዝ ሞላ ይሄዳሉ። የኋላውን ክፍል ወይም ፓራፋንጎውን በመለወጥ ከአንድ ሳጥን የተለያየ ቅርጽ ያለው መኪና ይወጣል። ምርቱ የቆየው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ብቻ ስለሆነ ዛሬ ሙሉው ሳጥን ብርቅ ነው።

ዲንኪ ቶይስ

ዲንኪ ቶይስ የተወለዱት ከመኪና ፍቅር ሳይሆን ከባቡር ፍላጎት ነው። የሆርንቢ ባቡር የገዛ ልጅ በጣቢያው ዙሪያ የሚያቆማቸው ነገሮች ያስፈልጉታል። ፋብሪካው መጀመሪያ ከብረት የተቀለጡ ትንንሽ ሰዎችና እንስሳት አወጣ፤ በ1933 ደግሞ ቁጥር 22 የተባለውን ስድስት ተሽከርካሪዎች የያዘ ስብስብ ጨመረ፤ ሁለት የቤት መኪናዎች፣ አንድ የጭነት መኪና፣ አንድ የዕቃ ማመላለሻ፣ አንድ ትራክተርና አንድ ታንክ። በ1934 ዲንኪ ቶይስ የሚለው ስም ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ ለባቡሩ ማጀቢያ የተባሉት መኪናዎች በራሳቸው የሚፈለጉ ሆኑ።

የመጠናቸውም ምንጭ ባቡሩ ነው። በእንግሊዝ አገር በዚያ ዓይነት ባቡር አንድ ጫማ (304.8 ሚሊሜትር) በ7 ሚሊሜትር ይወከላል፤ ሲካፈል 43.5 ይሆናል። ከዚህ የተነሣ 1:43 በአውሮፓ የሞዴል መኪና ዋና ምጥን ሆኖ ቀረ፤ 4.3 ሜትር የሚረዝም መኪና በመደርደሪያ ላይ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ከእርሳስ ቅይጥ የተሠሩ ነበሩ። ኋላ ፋብሪካው ወደ ዚንክ ቅይጥ ተዛወረ፤ ይህ ቅይጥ ይቀልጥና በግፊት ወደ ብረት ፎርማ ይገባል፣ ጥቃቅን መስመሮችንም ጥርት አድርጎ ያወጣል። ነገር ግን በዚንኩ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከተደባለቀ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ከጦርነቱ በፊት ከተሠሩት ዲንኪ መኪናዎች ብዙዎቹ የጠፉት በልጆች እጅ ተሰብረው ሳይሆን በዚህ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ሰብሳቢዎች ማድረግ የሚችሉት መኪናውን ከእርጥበትና ከሙቀት መለዋወጥ ማራቅ ብቻ ነው።

ጤነኛ ሆነው የቀሩትን መጠገን ራሱን የቻለ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ከጦርነቱ በኋላ በተሠሩት ላይ የታችኛው ቆርቆሮ ከቦዲው ጋር የተያያዘው ጫፉ በተቀጠቀጠ ምሰሶ ስለሆነ ጠጋኙ ጫፉን በመሰርሰሪያ በጥንቃቄ ያነሣል። የድሮውን ቀለም በማስለቀቂያ ያጥባል፣ መሠረት ይቀባል፣ ከዚያም ቀለሙን በስሱ ደጋግሞ ያለብሳል። ወፍራም ቀለም የበሩን መስመርና የኮፈኑን ፍርግርግ ይደፍናል፤ አዲስ ጀማሪ የሚለየውም በዚህ ነው። የደረቀውን ጎማ በአዲስ ይተካል። በጠጋኞችና በሰብሳቢዎች መካከል ያለው ክርክር ግን አላበቃም፤ ቀለሙ የተላላጠ መኪና በፋብሪካ ቀለሙ ከቆየ ዋጋው ከታደሰው ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ የታጠበ ቀለምም አይመለስም።

ፓርላማና ሞት

ሆርንቢ በ1930ዎቹ ሚሊየነር ነበር፤ ማግሃል በተባለች በሊቨርፑል አጠገብ ባለች መንደር ይኖር ነበር። በ1931 በኤቨርተን የምርጫ ክልል የወግ አጥባቂው ፓርቲ እጩ ሆኖ ለፓርላማ ተመረጠና የኩባንያውን የዕለት ሥራ ለባልደረቦቹ ተወ። ጤናው ግን ይዳከም ነበር፤ በ1935 ምርጫ አልተወዳደረም። የልብ ሕመምና የስኳር በሽታ ስለነበረበት በሴፕቴምበር 21 ቀን 1936 በ73 ዓመቱ አረፈ፤ በማግሃል በቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዲንኪ በስሙ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበርና የኋላውን ዝናውን አላየም።

ከእርሱ በኋላ

የኩባንያው ሊቀ መንበርነት ለበኩር ልጁ ለሮላንድ ተላለፈ። ከጦርነቱ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለዲንኪ የገበያ ዘመን ነበሩ፤ ነገር ግን በ1953 ርካሾቹ ማችቦክስ፣ በ1956 ደግሞ የመስኮት መስተዋት ያላቸው ኮርጊ መኪናዎች ወጡበት። ሜካኖ በ1964 ለላይንስ ብራዘርስ ተሸጠ፤ ገዢውም በ1971 ከሠረ፤ ፋብሪካው ወደ ኤርፊክስ ዞረ። በዚያው አሥርት ዓመት ዲንኪ ገዢው ራሱ ገጥሞ የሚቀባቸውን መኪናዎች በቁራጭ ይሸጥ ነበር። ቢንስ ሮድ በኖቬምበር 1979 ሲዘጋ ሠራተኞቹ መዘጋቱን ተቃውመው ለተወሰነ ጊዜ ግቢውን አልለቀቁም ነበር።

የሆርንቢ ስም በባቡር ንግድ በኩል ቀጠለ። ስሙን የያዘው ኩባንያ በ2006 ኤርፊክስን እና ሞዴል ቀቢዎች ትንንሽ ቆርቆሮዎቹን የሚያውቁለትን የሃምብሮል ቀለም ገዛ።