የመምህር አሰፋ ማሩ ሕይወትና ሞት

እኛ በገሳይና በደብረ ታቦር አካባቢ የምንማር ልጆች ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንሰማው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነትና በጋፋት ስለ ተሠራው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ይህ የምንኮራበት ታሪክ ነው። ነገር ግን ጀግና ሁሉ መድፍ ያሠራ፥ ጦርም የመራ አይደለም። ስለዚህ እኔ ዘንድሮ ልጽፍ የመረጥሁት ሥራቸው ማስተማርና የተበደለ ሰው ስም እንዳይጠፋ ማድረግ ስለ ነበረ ስለ አንድ መምህር ነው። እኒህ ሰው አቶ አሰፋ ማሩ ይባላሉ። የሞቱት እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው። ከመምህሮቻችንና ከወላጆቻችን መካከል ግን ጊዜውን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው።

አቶ አሰፋ በሁለት ማኅበሮች ውስጥ ያገለግሉ ነበር። አንደኛው በ1941 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ነው። በዚያው ዓመት፥ ታኅሣሥ 1 ቀን፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን አጸደቀ፤ ድምፃቸውን ከሰጡት 48 ደጋፊ አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ነበረች። መምህራኑ በ1966 ዓ.ም. በየካቲት ወር ባደረጉት የሥራ ማቆም አድማ በአብዮቱ ዋዜማ ስማቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የማኅበሩ መሪዎች አዲሱን የትምህርት ፖሊሲ ነቀፉ። በ1985 ዓ.ም. በዚያው ስም የሚጠራ ሌላ ማኅበር ተቋቋመና መንግሥት ዕውቅናውን ለአዲሱ ሰጠ፤ የቀድሞው ማኅበር የባንክ ሒሳብም ታገደ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት ከ40 የሚበልጡ መምህራን አንዱ ነበሩ። በግንቦት ወር 1988 ዓ.ም. ደግሞ ከአውሮፓ ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተይዘው ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ሸክም ከተሸከሙት መሪዎች መካከል አቶ አሰፋ አንዱ ሆኑ።

ሁለተኛው ማኅበር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ባልንጀሮቻቸው በ1984 ዓ.ም. ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፥ በአጭሩ ኢሰመጉ ነው። አቶ አሰፋ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ አባል ነበሩ። የጉባኤው ሥራ ለመናገር ቀላል ነው፤ ያለ ፍርድ የተገደለውን፥ የታሰረውን፥ ከቀዬው የተፈናቀለውን ሰው ስም፥ ቦታውንና ቀኑን አጣርቶ መጻፍና ለሕዝብ ማሳወቅ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ማንንም አያቆስልም። ሆኖም በሥልጣኑ የሚበድል ሰው ከጠመንጃ ይልቅ የሚፈራው ስምና ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ካለ አንድ ቀን ጥያቄ ይመጣልና። የኢሰመጉም የባንክ ሒሳብ ታገደ። ለመመዝገብ ያቀረበውም ጥያቄ እስከ 1991 ዓ.ም. ድረስ ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ቆየ።

ከዚህ እንደምንረዳው ሰውን ከሥራው ለማስተው የግድ መደብደብ አያስፈልግም። ደብዳቤው ምላሽ ያጣል፤ ገንዘቡ ይዘጋል፤ ቢሮው ይታሸጋል፤ ባልደረባው ይታሰራል፤ ወዳጁም አብሮት መታየትን ይፈራል። ይህ ሁሉ እያለ በየማለዳው ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ልቡ ምን ያህል የጸና ነው!

አቶ አሰፋም ሐሙስ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. እንዲሁ ማልደው ወደ ሥራቸው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሳሉ ፖሊሶች በጥይት መቷቸው፤ ወዲያውም ሞቱ። መንግሥት የሰጠው ምክንያት በኅቡእ የታጠቀ ቡድን መሪ እንደ ነበሩና አልያዝም ብለው እንደ ተመቱ የሚል ነው። ኢሰመጉና አምነስቲ ኢንተርናሽናል ደግሞ ባዶ እጃቸውን እንደ ነበሩና ለማምለጥም እንዳልሞከሩ አስታወቁ።

እንግዲህ ሁለት ቃል ቀረበ ማለት ነው። ሁለት ቃል ሲቀርብ በአገራችን ምን ይደረግ ነበር? አያቴ እንዳጫወቱኝ በድሮ ጊዜ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንደኛው በሕግ አምላክ ካለ ሌላው ካለበት አይነቃነቅም። የሁለቱ ኩታ ጫፍና ጫፉ ይቋጠርና ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛው እስኪፈርድ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ እኩል ናቸው፤ ጌታ ቢሆን፥ ድኻ ቢሆን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ወንጀለኛ እንዳይቆጠር ያዝዛል።

የአቶ አሰፋ ነገር ግን ከዳኛ ፊት አልደረሰም። ተከሰሱ፥ ተፈረደባቸው፥ ተቀበሩም፤ ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቃል እንኳ ለመመለስ ዕድል አላገኙም። ይህን ለመመዘን የዶክተር ታዬን ነገር ማየት ይበቃል። እርሳቸውም በትጥቅ ሤራ ተከሰው በ1991 ዓ.ም. የ15 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ነገር ግን በሕይወት ስለ ነበሩ ይግባኝ አሉ፤ ቅጣቱ ወደ 5 ዓመት ዝቅ ተደረገና 6 ዓመት ከታሰሩ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ተፈቱ። ሕያው ሰው ይግባኝ ይላል፤ ሙት ግን ይግባኝ የለውም። በእኔ አስተያየት ከሞታቸው ቀጥሎ ትልቁ በደል ይህ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ አሟሟታቸው ነጻ ምርመራ እንዲደረግ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ምርመራው ግን አልተደረገም። በተገደሉ በዓመት ከመንፈቅ፥ ኅዳር 30 ቀን 1991 ዓ.ም.፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብት ተሟጋቾችን ለመጠበቅ መግለጫ አወጣ። ይህም ቢሆን በአገራችን ችግሩን አላስቀረውም። አቶ አሰፋ በሞቱ ልክ በ4 ዓመቱ፥ ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ዓ.ም.፥ ፕሮፌሰር መስፍን ታሰሩ፤ የኢሰመጉም ቢሮ በዚያው ሰሞን ታሸገ። በ2017 ዓ.ም. እንኳ ኢሰመጉ ከሥራ ታግዶ ከወራት በኋላ እገዳው ተነሥቶለታል። ሰዎቹ ይለወጣሉ፥ መንግሥታትም ይለወጣሉ፤ የሚጽፈውን ሰው መከታተል ግን ሳይለወጥ ኖሯል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከመካከላችን ነገ ፖሊስ፥ ዳኛ፥ መምህርና ሹም የሚሆኑ አሉ። ፖሊስ የሚሆነው የጠረጠረውን ሰው በሕይወት ወደ ዳኛ ያድርስ። ዳኛ የሚሆነው ሁለቱንም ቃል ሳይሰማ አይፍረድ። ሹም የሚሆነውም ስለ በደል የሚጽፈውን ሰው እንደ ጠላት አያሳድድ፤ በደሉን ያርም እንጂ። መምህር የሚሆነው ደግሞ አቶ አሰፋ ማሩ የሚባሉ መምህር እንደ ነበሩ ለተማሪዎቹ ይንገር። እኒህ ሰው የሌላውን ስም እንዳይጠፋ ሲጽፉ ኖረዋልና የእርሳቸውን ስም መጻፍ የእኛ ተራ ነው።