ኢልያ ሜችኒኮፍና በላዒ ሕዋሳት

ሰፍነግን በባሕር ውስጥ ያየ ሰው እንስሳ ነው ብሎ ለመገመት ይቸገራል። ከዓለት ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ አፍ የለውም፤ ሆድ የለውም፤ ነርቭና ጡንቻም የለውም። ተክል ነው እንስሳ ነው የሚለው ክርክር እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ድረስ አልተቋጨም ነበር። ይህ አፍ የሌለው ፍጡር እንዴት ይመገባል ብሎ የጠየቀ አንድ የእንስሳት ጥናት ሊቅ፣ ሐኪም ሳይሆን፣ የሰው ደም በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ወደሚያስረዳ መልስ ደረሰ። ሊቁ ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜችኒኮፍ በ1845፣ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር፣ በካርኮፍ ከተማ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛ ጦር መኮንን ነበር። ልጁ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የማይሆንለት ስለነበረ ቤተሰቡ ከባዜቃ ጋር ያመሳስለው ነበር ይባላል። በካርኮፍ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ በ1864 ወደ ጀርመን አመራ። በሚከተለውም ዓመት በጊሰን ከተማ አንድ የየብስ ጠፍጣፋ ትል ሲመረምር፣ የትሉ ምግብ የሚሟሟው በአንጀቱ ክፍተት ውስጥ ሳይሆን የአንጀቱ ሕዋሳት አንድ በአንድ ከዋጡት በኋላ በራሳቸው ሆድ ውስጥ መሆኑን ተመለከተ።

ይህን የመሰለው አመጋገብ በባለ አንድ ሕዋስ ፍጡራን ዘንድ የታወቀ ነበር። አሜባ ምግቧን ስታገኝ ገላዋን እንደ ክንድ ዘርግታ ትከበዋለች፤ ክንዶቹ ሲገጥሙም ምግቡ በውስጧ በተፈጠረ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ፓራሜሲየም ደግሞ ገላዋን በሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች ውሃውን እየቀዘፈች ባክቴሪያውን ወደ አንድ ጎድጓዳ ቦይ ታስገባለች፤ ከቦዩ ጫፍም ከረጢት እየተቋጠረ በሕዋሱ ውስጥ ሲዞር ምግቡ ይሟሟል፤ ዝቃጩም በተወሰነ ቦታ ይወጣል። ሜችኒኮፍ ከጊዜ በኋላ ሰማያዊ የሊትመስ ቅንጣት ለእንዲህ ያሉ ሕዋሳት አብልቶ ቅንጣቱ ወደ ቀይ ሲለወጥ በማየት፣ በከረጢቱ ውስጥ አሲድ መኖሩን አረጋግጧል። አንድ ሕዋስ ብቻውን አፍም፣ ሆድም፣ አንጀትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ሕዋሳት ተባብረው አንድ እንስሳ ሲሆኑ ይህ ችሎታ የት ይደርሳል? ይህን ለማየት ከሰፍነግ የተሻለ እንስሳ አልነበረም።

ሰፍነግ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የውሃ ፓምፕ ነው። ውጫዊ ገጹ በጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ሲሆን፣ በላዩ ያሉት እልፍ ቀዳዳዎች ወደ ጠባብ ቦዮች፣ ቦዮቹም ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ያመራሉ። የክፍሎቹን ግድግዳ የሚያለብሱት ባለ ኮሌታ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዳቸው እንደ ጅራፍ የሚወናጨፍ አንድ ቀጭን ዘንግ አላቸው፤ በዘንጉም ዙሪያ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ የቆመ ወንፊት አለ። ጅራፉ ውሃውን ይገፋል፤ ወንፊቱ ባክቴሪያውን ያስቀራል፤ ሕዋሱም ይውጠዋል። ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሉኮኒያ የተባለ ሰፍነግ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ሲኖሩት፣ በቀን 22.5 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚያሳልፍ ተሰልቷል። የክፍሎቹ ድምር ስፋት ከቦዮቹ እጅግ ስለሚበልጥ የውሃው ፍጥነት እዚያ ሲደርስ በሴኮንድ ወደ 0.001 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በዚህም ለመልቀም ጊዜ ይገኛል። በመውጫው በኩል ግን በሴኮንድ 8.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወረወራል፤ ስለዚህ የተጣራው ውሃ ርቆ ይሄዳል እንጂ ዳግመኛ አይገባም። የውሃ ማጣሪያ ገንዳ የነደፈ ባልደረባ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ሜችኒኮፍን የማረከው ግን ፓምፑ አልነበረም። በውጪውና በውስጠኛው የሕዋሳት ንጣፍ መካከል፣ በዝልግልግ ነገር ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚዘዋወሩ፣ አሜባ የሚመስሉ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። ካርሚን የተባለውን ቀይ ቀለም በውሃው ውስጥ በትኖ ሰፍነጉን ሲመግብ የቀለሙን ቅንጣት በእነዚህ ተዘዋዋሪዎች ሆድ ውስጥ አገኘው፤ በ1879ም ስለ ሰፍነግ ያደረገውን ሰፊ ጥናት አሳተመ። በዚያን ጊዜ ስመ ጥር የነበረው ጀርመናዊው ኤርንስት ሄከል የእንስሳት ሁሉ ጥንተ አባት ሆድ ያለው፣ ጽዋ የሚመስል ፍጡር ነበር ይል ነበር። ሜችኒኮፍ ግን ሆድ ኋላ የመጣ ነው፤ ቀድሞ የነበረው የሚውጡ ሕዋሳትን በውስጡ ያጨቀ ድፍን ፍጡር ነው ብሎ ተከራከረ።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ኑሮው የሰላም አልነበረም። በ1869 ያገባት ሉድሚላ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ስለነበረች ለሠርጓ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ላይ ተይዛ ነው። በ1873 በማዴራ ደሴት አረፈች። በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ባልዋ ኀዘኑን መቋቋም ተስኖት ሕይወቱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ተረፈ። በ1875 ኦልጋን አገባ። እርስዋም በ1880 በታይፎይድ ተይዛ ከሞት አፋፍ ስትደርስ ዳግመኛ ተስፋ ቆረጠ፤ በ1881 የግርሻ ታማሚ ደም በገዛ አካሉ ውስጥ ከተተ። ክፉኛ ታሞ ዳነ፤ ኦልጋም ዳነች። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር 2ኛ ተገደሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም በፖለቲካ ታመሰ። ሜችኒኮፍ በ1882 ሥራውን ለቀቀና ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ ወደ መሲና ሄደ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ቀን ቤተሰቡ የሰለጠኑ ጦጣዎችን ለማየት ወደ ሰርከስ ሄደው እሱ ብቻውን ከማይክሮስኮፑ ጋር ቀርቶ ነበር። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ እጭ ነው፤ እጩ እንደ መስተዋት ብርሃን ስለሚያሳልፍ በውስጡ የሚዘዋወሩት ሕዋሳት በግልጽ ይታያሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሥራቸው ምግብን መዋጥ ከሆነ፣ ባዕድ ነገር ወደ አካል ሲገባስ ምን ያደርጋሉ? ከአትክልት ቦታው ጥቂት የጽጌረዳ እሾህ ቀጥፎ በእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ተዘዋዋሪዎቹ ሕዋሳት ከየአቅጣጫው መጥተው እሾሁን ከበውት አገኘ። እሾህ የወጋው ጣት ለምን እንደሚያብጥና መግል እንደሚቋጥር ያን ጠዋት ተገለጠለት። በእጩ ውስጥ ደም ሥር የለም፤ ስለሆነም የብግነት መሠረቱ የደም ሥር ሳይሆን የሕዋሳቱ የመብላት ጠባይ ነው ማለት ነው። ግኝቱን በቪየና ለክላውስ ሲያስረዳ ሕዋሳቱ በግሪክኛ ፋጎሳይት፣ ማለትም በላዒ ሕዋስ፣ ተብለው ተሰየሙ። በ1884 ዳፍኒያ የተባለችው የውሃ ቁንጫ በእርሾ መሰል ሻጋታ ስትወረር ደሟ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ወራሪውን ሲውጡ፣ ከዋጡም እንደምትድን፣ ካልቻሉ እንደምትሞት አሳየ።

ሕዋስ ባዕድ ቅንጣት ሲውጥ ያየ እሱ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሄከል ራሱ በ1862 አይቷል። ሐኪሞች ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሙን በአካል ውስጥ እያጓጓዙ በሽታውን ያዛምታሉ ብለው ያምኑ ነበር። ሜችኒኮፍ አመላላሽ የተባለውን ወታደር ነው አለ። ከሰፍነግ የተነሣ ሰው ስለ ሰው ደም ሊያስተምራቸው መምጣቱ ብዙዎቹን አላስደሰተም። በ1886 የእብድ ውሻ በሽታን ለመከተብ በኦዴሳ የተቋቋመውን ጣቢያ ቢመራም፣ ሐኪም አለመሆኑ ሲነቀፍበት ኖረ፤ ረዳቶቹ የሰጡት የአባ ሰንጋ ክትባት በሺህ የሚቆጠሩ በጎች ከፈጀ በኋላ በ1888 ወደ ፓሪስ ተሰደደ። በበርሊን ሮበርት ኮክ ቀዝቀዝ አድርጎ ነበር የተቀበለው፤ ሉዊ ፓስተር ግን በአዲሱ ተቋሙ ላቦራቶሪ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ዓመት ክርክር ነው። በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ የደም ውሃ ብቻውን የመንጋጋ ቆልፍንና የዘጊ አነዳን መርዝ እንደሚያከሽፍ ሲያሳዩ የጀርመን ሊቃውንት ድሉ የእኛ ነው አሉ። ሜችኒኮፍ እያንዳንዱን ተቃውሞ በሙከራ ሲመልስ ኖረ። በ1892 የኮሌራ ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ሳይታመም ሲቀር፣ ሙከራውን የደገመው አንዱ ተባባሪው ከሞት በጭንቅ ተረፈ፤ ይህ ጀግንነት ነው ለማለት ያስቸግራል። ዕርቁ በ1903 ከለንደን መጣ፤ አልምሮዝ ራይት በደም ውሃ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ባክቴሪያውን እንደሚያለብሰውና በላዒው ሕዋስ ያን ጊዜ በቀላሉ እንደሚውጠው አሳየ። ንጥረ ነገሩን ኦፕሶኒን አለው፤ የቃሉ ሥር በግሪክኛ የእንጀራ ማባያ እንደማለት ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የተቃራኒው ወገን አውራ ለነበረው ለፓውል ኤርሊክ በጋራ ተሰጠ።

በመጨረሻ ዘመኑ ስለ እርጅና ሲያጠና ባክቴሪያው በአንጀት ውስጥ ያለውን ብስባሽ ያግዳል ብሎ በየቀኑ እርጎ ይመገብ ነበር፤ የዓለም ሕዝብ ይበልጥ የሚያስታውሰው በዚህ መሆኑ ያሳዝናል። ቶልስቶይን በ1909 በርስቱ ጎብኝቶታል፤ የቶልስቶይ የኢቫን ኢሊች ሞት የተጻፈው የሜችኒኮፍ ወንድም በሆነው ዳኛ ሞት መነሻነት ነው።

ከሄከል ጋር የነበረው ክርክርም ከሁለቱ ሊቃውንት ሞት በኋላ አላበቃም። ባለ ኮሌታ ሕዋሳት በውሃ ውስጥ ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ኮሌታም ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡራን ስለሚመስሉ እንስሳ ከእነዚህ ተገኘ ሲባል ኖሯል። በ2019 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሰፍነግን ሕዋሳት ዘረ መል አሠራር ሲያነጻጽሩ ግን የሁለቱ ኮሌታዎች ዝምድና እንደ መልካቸው ቅርብ ሆኖ አላገኙትም፤ ትኩረታቸውንም ወደ ተዘዋዋሪዎቹ ሕዋሳት መለሱ። በ2021 ደግሞ በአንድ የጣፋጭ ውሃ ሰፍነግ ብቻ 18 የሕዋስ ዓይነቶች ተለይተዋል።

ሜችኒኮፍ በሐምሌ 1916፣ በጦርነቱ መካከል፣ በ71 ዓመቱ በልብ ሕመም ፓሪስ ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በመጻሕፍቱ መካከል ተቀመጠ።